ሳሎን የወጡት ጎታዎች

ሰቆጣ ውስጥ የትርፌን ቤት የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ደጇ ላይ ቆማችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ ሦስት ጎታ ተደርድሮ ታያላችሁ፤ ያውም ጓዳ አይደለም፣ ሳሎን! የት አገር ነው ጎታ ሳሎን የሚወጣ? እህሉን ለጎረቤት ዓይን የሚያሰጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩን ከእኔ ስሙት። እኔና ትርፌ አጥራችን አንድ ነው። እሷ ቤት ሰው ቢያስነጥስ እኔ ቤቴ ሆኜ "ይማርህ" እላለሁ።

ትርፌ ጎታ ሠሪ ናት። አገሯ ጽጽቃ ነው፤ ወደ ሰቆጣ ያመጣት ባሏ ነበር። እሱ ነፍሱን ይማረውና ብዙም አልቆየላት፣ ልጃቸውን ምሳውን አሳዝሏት ሄደ። መሬት የላት፣ በሬ የላት፣ ያላት እጇ ብቻ። ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር በእግሯ ትረግጠዋለች። ከዚያ ዙሪያውን ታቆማለች፣ ይደርቃል፤ ሌላ ዙር ትደርባለች፣ ይደርቃል፤ እንዲህ እንዲህ እያለች ቁመቷን የሚያክል ጎታ ታወጣለች። ከላይ እህሉ የሚገባበት አፍ አለው፣ ከታች ደግሞ እህሉ የሚቀዳበት ትንሽ ቀዳዳ፣ በውታፍ የሚደፈን። ሲያልቅ በድቡልቡል ጠጠር ታሸዋለች፣ ታሸዋለች፣ የሕፃን ገላ እስኪመስል።

ታዲያ አንድ ክፉ ዓመል አለባት፤ መዋሸት አትችልም። ሌላው ሰው ምግባር ይለዋል፣ እኔ ዓመል ነው የምለው። ገዢ መጥቶ "ይሄ ጎታ ይሰነጠቃል ወይ?" ሲላት "ጭቃ አይደል? ይሰነጠቃል እንጂ!" ትለዋለች። ገዢው ይሄዳል።

"ኧረ ትርፌ፣ ምነው ምላስሽን ሰብሰብ ብታደርጊ?" እላታለሁ።

"ሲሰነጠቅ መጥተው ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ፣ እትዬ አልጣሽ?"

አንዴማ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ሟቹ ደግ ነበር፣ ቸር ነበር፣ እርግብ ነበር ሲባል እሷ ዝም። "አንቺስ ትርፌ፣ ምን ታስታውሻለሽ?" አሏት። "እኔንስ ሁልጊዜ ይቆጣኝ ነበር፤ ግን ጥሩ አራሽ ነበር" አለች። አስለቃሿ ሳትቀር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ልጇ ምሳው ጎረመሰና እንደ እኩዮቹ ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ገባ። እዚያ የሀብታም ቤት ስፒከር የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ጠራጊ ሆነ። ሚሌኒየም የተባለው በዓል ሊመጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ያዙትና ወዳገሩ መለሱት። ሌላው ልጅ ሲመለስ ወርቅ ያመጣል፣ ባለ አበባ ብርድ ልብስ ያመጣል። ይሄኛው ብርድ ልብሱን አምጥቷል፤ ሲፈታው ግን ውስጡ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? አራት ጥቁር አፍ። ሁለቱ የወጥ ድስት ክዳን የሚያክሉ፣ ሁለቱ ስኒ የሚያክሉ።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኩት።

"የስፒከር ሆድ ዕቃ ነው፣ እማማ። ሳጥኑ ሲወርድ ተሰበረና ጌታዬ ጣለው አለኝ። እኔ ፈትቼ አወጣሁት።"

"ሬሳውን ጥለህ አንጀቱን አመጣህ በለኛ!"

ከብርድ ልብሱ ሥር ደግሞ ሱቁ ለገዢ የሚሰጠው የሥዕል ወረቀት አለ። እኔና ትርፌ መደቡ ላይ ቁጭ ብለን አገላበጥነው። ጉድ እኮ ነው! አንዱ ቁጭ ቀንድ አውጣ፣ ጀርባው ተጠቅልሎ። አንዱ የጥሩምባ አፍ፤ እኛ ለቅሶ የምንነፋውን እነሱ ሳሎን አቁመውት። አንዱ ደግሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ፊትህን የሚያሳይ መስታወት የመሰለ።

"ይሄ ከሁሉም ውዱ ነው" አለ ምሳው።

"የሬሳ ሳጥን አቁመው! በአንተ ጊዮርጊስ፣ ሰው ይሄን ገዝቶ እፊቱ ገትሮ እንጀራ ይበላል?"

ምሳው ሳቀ። ትርፌ ግን አልሳቀችም። ሆዱ ወጣ ያለው አንዱ ሥዕል ላይ ጣቷን ትነዳለች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ልክ ጎታ ስታሽ እንደምታደርገው።

"ማዕዘን የለውም" አለች።

"አዎ እማ፣ ማዕዘን ካለው ድምፁ ውስጥ ለውስጥ ይላተማል ይላሉ። ለዚያ ነው ያጎበጡት።"

"የእኔም ማዕዘን የለው። ማዕዘን ካለ ነቀዝ ይሸሸግበታል።"

የልጁ ሐሳብ ሳሎኑን ሻይ ቤት አድርጎ፣ ሰው ሻዩን እየጠጣ ጥሩ ዘፈን እንዲሰማ ነበር። አናጢ ዘንድ ሄዶ የባሕር ዛፍ ጣውላ ሁለት ሳጥን አሠራ፣ አፎቹን ገጠመ፣ ቴፑን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘና ከፈተው። ወይኔ! ከበሮው በተመታ ቁጥር ሳጥኑ አብሮ ይንጫጫል፣ ዘፋኙ ቆርቆሮ ውስጥ ተቆልፎ "አውጡኝ" የሚል ነው የሚመስል። ምሳው አጠፋውና ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

"እሄዳለሁ" አለ። "እዚህ የሚሆንልኝ ነገር የለም። ተመልሼ እሄዳለሁ።"

የትርፌ ፊት ሲገረጣ ያየሁት ያን ዕለት ነው። የሰፈራችን ልጆች ያ ባሕር ውስጥ ቀርተዋል፤ አፈር እንኳ አልለበሱም። እሷ ደግሞ ከእሱ በቀር ማን አላት?

ልጁ እንዲህ ያረገው ስፒከሩ ብቻ አልነበረም፤ ይሄን እኔ ነኝ የማውቀው። ምህረት የምትባል የደሃና አገር ልጅ ገበያ ላይ አይቶ ልቡ ሄዷል። ጉንጯ እንደ ሰባ ጥጃ ሙሉ፣ ሳቂታ። እሷም ወዳዋለች፤ ሽንኩርት ልትገዛ መጥታ ምሳው ቆሞ ካየች ሽንኩርቱን ረስታ ትመለሳለች። አባቷ ገብረ አምላክ ግን የገብስ አገር ሰው ነው፣ ጎተራው የማይጎድል፣ ኩሩ። "ልጄን የምሰጠው ጎታው ሙሉ ለሆነ ቤት ነው፤ ባሕር ለባሕር ለሚንከራተት አይደለም" ማለቱን ሰቆጣ በሙሉ ሰምቷል። ካልሰማም እኔ ነግሬዋለሁ። እንግዲህ ልጅቱን ካላገኘ ምሳው ይሄዳል፣ ምሳው ከሄደ ትርፌ አለቀላት። ነገሩ ይሄው ነበር።

በነጋታው አጥር ዘልቄ ስገባ ትርፌ ጭቃ ትረግጣለች።

"ማን ጎታ አዘዘሽ?"

"ያ ሳጥን ለምን እንደሚጮህ ገብቶኛል" አለች። "ግድግዳው ቀጭን ነው። ቀጭን ጎታ ላይ አይጥ ብትሮጥ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ድርብ አደርገዋለሁ፤ መሃሉን በአሸዋና በአመድ እሞላዋለሁ። እስቲ ከዚያ ወዲያ ይንጫጫ!"

እናትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ብትሰሙ! እሱ ወረቀቱን ይዞ "ጥቁር ይሁን፣ የሚያብለጨልጭ" ይላል። እሷ "ምን ሐዘን ላይ ነን?" ትላለች። እሱ ደግሞ ትንፋሽ መውጫ ቀዳዳ ያስፈልጋል አለ።

"የት ላድርገው?"

"የትም፣ እማ።"

"የትም የሚባል ቦታ የለም። የጎታ ቀዳዳ ከታች ነው፣ ሌላ አላውቅ።" ከታች አደረገችው፣ ያለ ውታፍ።

ጎታዎቹ በደንብ ሲደርቁ በቀይ አፈር ቀባቻቸው፣ አንገታቸው ላይ በነጭ አፈር መቀነት አዞረችላቸው፣ በጠጠሯም አሸቻቸው። ወገባቸው ቀጠን፣ ሆዳቸው ወጣ፣ ልክ የመጀመሪያ ልጇን የጸነሰች ሙሽራ። ትልቁ አፍ ሆዳቸው ላይ፣ ትንሹ ከላዩ። ያን ሁሉ የአረብ ወረቀት አይቻለሁ፣ እንደነሱ ያማረ አልነበረበትም። ማሞካሸት አይደለም።

ምሳው ከፈተው። እኔ ይሄን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ግድግዳው ዝም አለ፣ ጎታው ዝም አለ፣ መሲንቆው ብቻውን መጥቶ መሃላችን ተቀመጠ። ገመዱን የሚዳብሰው ጣት ሳይቀር ይሰማል። ትርፌ ጭቃ እጇን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ልጇን ታየዋለች። ልጇ ይስቃል።

ግን ያ ትልቅ አፍ ሲያዩት ዓይን ይመስላል፣ ያፈጥጣል። ጎረቤት ሁሉ እየገባ ሊነካው ይፈልጋል። ንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ሐዋርያት እንኳ መጥተው መስቀላቸውን አሳለሙና ሌላውን እጃቸውን ሰደዱ፤ መሃል ያለችውን ጉብታ በጣታቸው ቢጫኗት ጭርምት ብላ ገባች።

"ወዮልኝ! ገደልኩት?" አሉ።

ምሳው ተንበርክኮ አፉን ገጠመና እንደ ጥጃ ሲጠባት ጉብታዋ ብቅ አለች። ቄሱ አማተቡ። ከዚያ ወዲያ ትርፌ ባለ ጥለት ነጠላዋን ቆርጣ ሁለቱንም ፊታቸውን አለበሰቻቸው። ጥሩ ነጠላ ነበር፤ እኔ ዓይኔን ጥዬበት ነበር።

ምሳው ሌላም ነገር አለው፤ ስፒከር ከግድግዳ አይጠጋም፣ ወጣ ብሎ ፊቱን ወደ ሰሚው ነው የሚያዞር አለ። እንግዲህ ሁለቱ ጎታዎች ነጠላ ለብሰው፣ ሳሎን መሃል፣ ወደ መደቡ ዞረው ቆሙ። እንግዳ የሚቀበሉ ባልቴቶች መሰሉ።

ሽማግሌ የተላከው በዚያ ሰሞን ነው። ቄስ ወልደ ሐዋርያት ደሃና ወርደው ገብረ አምላክን አነጋገሩ። እሱ "ቤቱን ሳላይ ቃል አልሰጥም" ብሎ በቅዳሜ ገበያ መጣ። እኔም እንደ ዘመድ ቀድሜ ተቀምጫለሁ። ገባና ጎታዎቹን ሲያይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገ። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ለራሱ የሆነ ነገር አጉተመተመ፣ እኔ እሰማዋለሁ፤ "ሳሎን ከደረሰ ጓዳው ሞልቷል ማለት ነው" ነው ያለው።

ቀረብ አለ። በዱላው ጫፍ የአንዱን ጎን ቀስ አድርጎ መታው። ባዶ ጎታ ሲመቱት እንደ ከበሮ ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል። ይሄኛው ግን ዱም አለ፤ ደረቅ፣ ድፍን። ሁለተኛውን መታ፤ ዱም። የገብረ አምላክ ፊት እንደ መስቀል ደመራ በራ።

"ሙሉ ነው!"

እኔ ሳቄ መጣ፤ ጠላውን አፌ ላይ ደፋሁት።

ትርፌ ደግሞ ታውቋታላችሁ። "እህል የለበትም፣ አያ ገብረ አምላክ" አለች። "ድርብ ግድግዳ ስለሆነ ነው። ልጄ ዘፈን የሚያሰማበት ነው። እኔ እህል የምሸምት ሰው ነኝ።"

ገብረ አምላክ ቄሱን ዓይኑን ጠቀሳቸው። "ሰሙ? ዘፈን ነው አለች!"

"እውነቷን ነው፣ እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ" አሉ ቄሱ።

"አንቱም አብረው ይደብቃሉ! ደግ ነው። እህል ያለው ሰው የለኝም ይላል፤ አለኝ አለኝ የሚል የሌለው ነው። ይሄ የጨዋ ቤት ነው።" ጠላውን ጨልጦ ሄደ። ደሃና እስኪደርስ ድረስ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያወራ ነበር አሉ፤ "ጎታ ነጠላ ያለበሰች ሴት አየሁ! እህሏን እንዴት ብታከብረው ነው!" እያለ።

ትርፌ ሌሊቱን አልተኛችም። እኔ ግን "ዝም በይ" አልኳት። "ነግረሽዋል፣ አላመነም። የአንቺ ኃጢአት የለበትም። ሰርጉ ይለፍና ያን ጊዜ ይሰማዋል።"

"ልጅቱ ገብታ ባዶ ብታገኘውስ፣ እትዬ አልጣሽ?"

"ልጅቱ ምሳውን ነው የምትፈልግ፣ ገብስ ቤቷ ሞልቶ ተርፏል!"

ቃል የሚታሰርበት ቀን መጣ። ገብረ አምላክ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ ገባ። ጠላ ቀረበ፣ ቄሱ ጸለዩ። በእኛ አገር የወንዱም የሴቷም ወገን እኩል ነው የሚያወጣ፤ አንዱ ከአንዱ እንዳያንስ። ገብረ አምላክ ይሄን ይዞ ተነሣ።

"እንግዲህ እኔም ለልጄ ልክ እንደናንተው ልስጥ። ያለው ገብስ ነው ማሽላ?"

ማንም ሳይመልስለት ጎንበስ አለና ውታፍ ቢፈልግ የለም። "ምነው ሳይደፈን?" ብሎ እጁን እስከ ክንዱ ሰደደው።

የትርፌን ቀሚስ ከኋላ ይዣለሁ። "ዛሬ እንኳ ዝም በይ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ዝም!" እላታለሁ በሹክሹክታ። ምሳው ጓዳ በር ላይ እንደ ጅብራ ተገትሯል፣ አይተነፍስም። ትርፌ ልጇን አየችው። ባሕሩን ያየችው መሰለኝ። ከዚያ ቀሚሷን ከእጄ ነጠቀች።

"ምሳው፣ ነግሬ ነግሬ አልታመንኩም። ክፈተውና ያሰማቸው።"

"እማ…"

"ክፈተው አልኩህ!"

ከፈተው። የሰርግ ዘፈን ነበር፣ ባለ ከበሮ። ያ ከበሮ ድው ሲል ከቀዳዳው ንፋስ ወጥቶ የገብረ አምላክ ጋቢ ሥር ገባ። "ይተነፍሳል!" ብሎ እጁን ሲነጥቅ በቂጡ ተቀመጠ። ወንድሞቹ ዱላቸውን አነሡ። ቄሱ "አይዞህ አይዞህ፣ እኔም መጀመሪያ ደንግጫለሁ" ይላሉ። እኔማ መደቡ ላይ ተንከባለልኩ፤ ሳቅ እንደዚያ ቀን ገድሎኝ አያውቅም።

ምሳው አጠፋው። ገብረ አምላክ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። ጆሮው ቀልቷል። አገር ሁሉ "ሙሉ ጎታ" ሲል ሰምቶታላ! ዱላውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ፣ ወንድሞቹም ተከተሉት። ትርፌ አልለመነችም። እጇን አጣምራ "ከመጀመሪያው ነግሬዎታለሁ፣ አያ ገብረ አምላክ" አለች ብቻ።

በሩ ላይ ቆመ።

"ነግረሽኛል" አለ። ዞረ። "ቄሱ፣ ነግራኛለች አይደል?"

"ነግራሃለች።"

"የሌለው ሰው አለኝ ይላል ብዬ ነበር። ይህቺ የላትም፣ የለኝም አለች። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"እኔም ስንት ዓመት ስጠይቅ የኖርኩት እሱን ነው" አልኩ። "ዓመል ነው፣ አይለቃትም።"

አንደኛው ወንድሙ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ገብረ አምላክ ሊቆጣ ነበር፣ ግን ከንፈሩ ከዳው። ተመልሶ መጥቶ ጎታውን በመዳፉ ዳበሰው፣ በጣቱ ቆረቆረው፤ ዱም።

"የእኔ ጎታ ላይ አይጥ ሌሊቱን ሙሉ ፈረስ ትጋልብበታለች" አለ። "ይሄን ግን ዕድሜዬን ሙሉ እህል ያወጣሁ ሰው በዱላዬ መትቼ ባዶነቱን አላገኘሁት። ይሰነጠቃል?"

ትርፌ ለዛሬ እንኳ እንድትዋሽ እግዜርን ለመንኩ። ሰማኝና ተወኝ።

"ጭቃ አይደል? ይሰነጠቃል" አለች ትርፌ። "ግን ውጭኛው ቢሰነጠቅ ውስጠኛው ይይዛል።"

"በቃ!" አለ ገብረ አምላክ፣ ዱላውን ለወንድሙ ሰጥቶ ተቀመጠ። "እንዲህ ያለ አንድ ለእኔ ሥሪልኝ። አንድ ደግሞ ለልጆቹ፣ የእውነቱን፣ ውታፍ ያለው። ባዶ ጎታ ላይ ልጄን አልሰጥም፤ እሱን እኔ በገብስ እሞላዋለሁ። ያን ጊዜ ሙሉ ነው ያልኩት ውሸት አይሆን። ቄሱ፣ ቃሉን ይሰሩት።"

ቄሱ አሰሩት። ምሳው ጓዳ ገብቶ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣ የሚሆነውን አጣ። ገብረ አምላክ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ አየና "እስቲ እንደገና ንፋ በለው" አለው።

እንግዲህ ሦስተኛው ጎታ ያ ለልጆቹ የተሠራው ነው። ምሳው "እማ፣ መሃላቸው አይቁም፣ ድምፁን ይጋርዳል፣ ጓዳ ይግባ" ብሎ ጠይቆ ነበር። ትርፌ "ሚስትህን ያመጣችልህ እሷ ናት፣ ከዚህ አላነሣትም" አለችው። እስከ ዛሬ ያጉረመርማል፤ ስለ ባሕር ሲያነሣ ግን ሰምቼው አላውቅ፣ እኔ ደግሞ የማልሰማው የለም። ሻይ ቤቱ ይሞላል። እንግዳ ሰው ሲመጣ የቱ እንደሚዘፍን እንዲገምት አደርገዋለሁ፤ ሁሉንም ይመታል፣ ሁሉም ዱም ይላሉ። አንዱ ሞኝ የመሃለኛውን ውታፍ ነቅሎ ገብሱ ዥው ሲልበት ምህረት በወንፊት አሯሯጠችው።

ገብረ አምላክም ገበያ በወጣ ቁጥር ሳይገባ አይሄድ። መደቡ ላይ አይቀመጥም፤ መሬት ላይ፣ ከቀኙ ጎታ ሥር ነው ቦታው። የልጅ ልጁን ታፋው ላይ አስቀምጦ፣ ሻዩን በግራው ይዞ፣ ቀኝ እጁን ቀዳዳው ውስጥ ይከታል። "ዘፈኑን አይደለም" ይላል ሰው ሲያየው። "ንፋሱ ለቁርጥማቴ ጥሩ ነው።"